የወታደር ልጅ ነኝ፤ የየትኛው ግዛት ነዋሪ ነኝ ብዬ ላመልክት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 17 ነው፤ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጀምሬያለሁ። በዲቪ ወደ ዳላስ የመጣነው የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ በዓመቱ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ገብቶ ይኸው 13 ዓመት አገለገለ። እስካሁን ስድስት ትምህርት ቤት ቀይሬያለሁ፤ ከ7ኛ እስከ 9ኛ ኪሊን ቴክሳስ፣ 10ኛንና 11ኛን ጀርመን ቪልሴክ ተምሬ፣ ባለፈው ሐምሌ ታኮማ አጠገብ ወዳለው የሉዊስ ማኮርድ ቤዝ ተዛወርን። አዲሱ ትምህርት ቤት “የዋሽንግተን ግዛት ታሪክ ካልወሰድሽ አትመረቂም” ብሎ፣ ሰዓቱ ስለተጋጨ ከኤፒ ካልኩለስ (በኮሌጅ ደረጃ ከሚሰጠው የሒሳብ ትምህርት) አውጥቶኛል። ካውንስለሬን (የትምህርት ቤት አማካሪዬን) ያገኘኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አባቴ ፖላንድ ግዳጅ ላይ በነበረበት መንፈቅ ውጤቴ ወርዷል። አሁን ደግሞ በመጪው ሰኔ ወደ ቨርጂኒያ ሊዛወር እንደሚችል ተነግሮታል፤ መንጃ ፈቃዱ የቴክሳስ ነው፤ ታዲያ እኔ የየት ነዋሪ ነኝ? እሱ ዌስት ፖይንት (የጦር ሠራዊቱ መኮንኖች አካዳሚ) ግቢ ይለኛል፤ እናቴ ከቤት ሳትርቂ ነርሲንግ ተማሪ ትላለች። የ11 ዓመት ወንድም ስላለኝ የአባቴን ጂአይ ቢል (ለወታደር የሚሰጠውን የትምህርት ክፍያ ጥቅም) ብቻዬን መጨረስ አልፈልግም። ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ግን የማመልከቻው ድርሰት ነው። ከመዛወር ሌላ የምጽፈው ታሪክ የለኝም፤ ለሳቅ ካልሆነ በቀር፣ ከጀርመን ስንመጣ የእናቴ ምጣድ ተሰብሮ ካሣ ለመጠየቅ ምጣድ ምን እንደሆነ ለዕቃ አጓጓዡ ድርጅት ሦስት ጊዜ መጻፌን። ምን ይመክሩኛል?

ሻንጣዋን ያልፈታችው፣ ከዋሽንግተን ግዛት

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀሽ ድርሰቱ እንደሆነ ጽፈሻል። እኔን ያሳሰበኝ ግን እሱ አይደለም፤ ለድርሰቱ ጊዜም አለሽ፣ እንደማሳይሽ የምትጽፊውም ነገር አለሽ። ያሳሰቡኝ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት፣ በዩኒቨርሲቲዎች የነዋሪነት ጉዳይ ክፍልና በአባትሽ ፊርማ የሚያልቁት ጉዳዮች ናቸው። እነዚህ ቀን አላቸው፤ ቀናቸው ካለፈ ደግሞ የቱንም ያህል ያማረ ድርሰት አይመልሳቸውም። ስለዚህ የምመልስልሽ አንቺ ባስቀመጥሽው ቅደም ተከተል ሳይሆን በአስቸኳይነታቸው ነው።

ከኤፒ ካልኩለስ የወጣሽበት ጉዳይ ሳምንት እንኳ ሊያድር አይገባም፤ ክፍሉ እየገፋ በሄደ ቁጥር መመለሱ ይከብዳል። ግዛቶች የወታደር ልጆችን ትምህርት በሚመለከት የገቡት፣ ሚሊተሪ ኢንተርስቴት ችልድረንስ ኮምፓክት የሚባል ስምምነት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ሲሆን፣ ዛሬ 50ዎቹም ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ አባላቱ ናቸው። በዚህ ስምምነት መሠረት ተቀባዩ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ትምህርቱን የሚሰጥ እስከሆነ ድረስ፣ ተማሪውን በመጀመሪያ የሚመድበው በቀድሞ ትምህርት ቤቱ በነበረበት ደረጃ ነው፤ ኤፒም በዚህ ውስጥ ይገባል። ብቃቱን መመዘን ቢፈልግ ከዚያ በኋላ ሊመዝን ይችላል። ለመመረቅ የሚጠየቀውንም ትምህርት በተመለከተ፣ ተማሪው ተመሳሳዩን በሌላ ግዛት ካጠናቀቀ ትምህርት ቤቱ ግዴታውን እንዲያነሳለት፣ አላነሳም ካለም በቂ ምክንያት አቅርቦ በሰዓቱ የሚመረቅበትን ሌላ መንገድ እንዲያመቻችለት ስምምነቱ ያዝዛል። አንቺ በ7ኛ ክፍል ቴክሳስ ከነበርሽ የቴክሳስን ታሪክ ተምረሻል ማለት ነው፤ የዚያን ዓመት የውጤት ካርድ ፈልጊና ያዢ። የመጨረሻ አማራጭም አለ፤ በ12ኛ ክፍል የተዛወረ ተማሪ አዲሱ ቦታ በምንም መንገድ መመረቅ ካልቻለና የቀድሞው ትምህርት ቤቱን መስፈርት ካሟላ፣ ዲፕሎማውን ከዚያው ከቀድሞው የሚያገኝበት አሠራር በስምምነቱ ውስጥ ተቀምጧል።

ይህን ሁሉ ግን አንቺ ካውንስለሯ በር ላይ ቆመሽ ለመከራከር አትሞክሪ። ቤዙ ውስጥ ስኩል ሊየዞን የሚባል ሠራተኛ አለ፤ ሥራው በትክክል ይኸው ነው፣ ክፍያም የለውም። እናትሽ ወይም አባትሽ ሊየዞኑን ይዘው የስምምነቱን ስም የጠቀሰ አጭር የጽሑፍ ጥያቄ ለትምህርት ቤቱ ያስገቡ። ብዙ ካውንስለሮች ስምምነቱን የሚያውቁት በስሙ ብቻ ስለሆነ፣ እምቢታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ በጽሑፍ የቀረበ ጥያቄ ግን ነገሩን ያፈጥነዋል። የእኛ ቤተሰቦች “ከትምህርት ቤት ጋር አትጣሉ” የሚል ልማድ አላቸው፤ ይህ ጠብ አይደለም።

ወደ ማመልከቻው ስንመጣ፣ ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ፣ ኮመን አፕ፣ የተማርሽባቸውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ይጠይቅሻል፤ ከዋናው ድርሰት ውጪም ተጨማሪ መረጃ የሚሰጥበት የተለየ ቦታ አለው። የመዛወርሽ ታሪክ መኖሪያው እዚያ ነው። የማመልከቻ አንባቢ ትራንስክሪፕትሽን (የውጤት መዝገብሽን) ሲያይ ሁለት አገር፣ ሦስት የውጤት አሰጣጥና አንድ የወረደ መንፈቅ ያያል፤ ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ያለ ቅጽል፣ ያለ እሮሮ፣ በአራት በአምስት መስመር ንገሪው፦ “አባቴ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት በንቁ አገልግሎት ላይ ያሉ ሳጅን ናቸው። 9ኛ ክፍልን በኪሊን ቴክሳስ፣ 10ኛንና 11ኛን በቪልሴክ ጀርመን፣ 12ኛን በዋሽንግተን ግዛት ተምሬያለሁ፤ ዝውውሮቹ ሁሉ በትእዛዝ የተደረጉ ናቸው። በ10ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ አባቴ ፖላንድ ተሰማርተው ስለነበር ወንድሜን ከትምህርት ቤት የማመላልሰውና ማታ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ።” የወረደው መንፈቅ ሌላ ከሆነ ወይም ኃላፊነትሽ ከዚህ የተለየ ከነበረ እውነቱን አስገቢ። አንድም ቃል ስለ ጽናት አትጨምሪ፤ በቀጣዩ መንፈቅ ውጤትሽ ከተነሣ ትራንስክሪፕቱ ራሱ ይናገርልሻል።

ካውንስለርሽ ስለማታውቅሽ አትጨነቂ፤ የምትጽፈው የትምህርት ቤት ሪፖርት በአመዛኙ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ መዝገብሽ ነው። ዋናዎቹን የድጋፍ ደብዳቤዎች በ11ኛ ክፍል ያስተማሩሽ የቪልሴክ መምህራን ቢጽፉልሽ ይሻላል። የቀድሞ ትምህርት ቤት መምህር መጻፍ አይችልም የሚል ሕግ የለም፤ ግብዣው በኢሜይል ይደርሳቸዋል። ዛሬውኑ ጠይቂያቸው፤ ከቤዝ ትምህርት ቤት መምህራን የሚዛወሩ ስላሉ ኢሜይላቸው መሥራቱን አረጋግጪ። ለአሁኗ ካውንስለር ደግሞ የዝውውርሽን ቅደም ተከተልና በየቦታው ጀምረሽ ያቋረጥሻቸውን ነገሮች በአንድ ገጽ ጽፈሽ ስጫት። ኦርኬስትራም ሆነ ክበብ በዝውውር ምክንያት መቋረጡን አንቺ ከምትናገሪው እሷ ብትጠቅሰው የበለጠ ይታመናል።

እንግዲህ መዛወሩ በቦታው ከተነገረ ድርሰቱ ነፃ ይሆናል። ኮመን አፕ ከ250 እስከ 650 ቃል ይፈቅዳል፤ ብዙ የወታደር ልጆች ይህን ቦታ ስለ ካርቶንና ስለ መሰናበቻ በመጻፍ ይጨርሱታል፤ አንባቢውም ያዝናል፣ ግን ማን እንደጻፈው አያስታውስም። አንቺ “ለሳቅ” ብለሽ በአንድ መስመር ያለፍሽው የምጣዱ ነገር ግን ሌላ ልጅ ሊጽፈው አይችልም። ለአንድ የዕቃ አጓጓዥ ሠራተኛ፣ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ስሙ የሌለን ዕቃ፣ መጥበሻ እንዳልሆነ፣ የፒዛ መጋገሪያም እንዳልሆነ፣ ስንጥቅ ምጣድ ላይ እንጀራ ለምን ዓይን እንደማያወጣና ሊጡ ለምን እንደሚጣበቅ፣ ተመሳሳዩን ለመግዛትም ስንት እንደሚያስወጣ ለማስረዳት ሞክረሻል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ምን ብለሽ ጻፍሽ? ለምን ተመለሰብሽ? በሁለተኛው ምን ቀየርሽ? እናትሽ በአማርኛ የነገሩሽንስ እንዴት አድርገሽ ለማያውቀው ሰው አመጣሽው? ሦስቱም ደብዳቤዎች ኢሜይልሽ ውስጥ አሉ፤ አውጥተሽ አንብቢያቸው። ድርሰቱን ከመጀመሪያው እምቢታ ጀምሪው፤ “ይህ ልምድ ያስተማረኝ” የሚል አንቀጽ ግን አትጨምሪበት፤ ለማያውቅ ሰው ነገርን የማስረዳት ችሎታሽ ከደብዳቤዎቹ መለዋወጥ ይታያል። ካሣው ካልተከፈለም ድርሰቱ አይበላሽም።

አሁን ርዕስ ወዳደረግሁት ጥያቄሽ ልመለስ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለግዛታቸው ነዋሪ የሚያስከፍሉት ከሌላው ያነሰ ስለሆነ፣ ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ብዙ ተማሪ ነዋሪ ነኝ የሚልበት ግዛት አንድ ብቻ ነው፤ አንቺ ግን ሦስት ግዛት ላይ ጥያቄ ማንሳት የምትችይበት መሠረት አለሽ፤ የሦስቱ መሠረት ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ዋሽንግተን ላይ ያለሽ መሠረት የአባትሽ ምድብ ቦታ ነው። በ2008 የወጣው የፌዴራል የከፍተኛ ትምህርት ሕግ፣ ከሐምሌ 2009 ጀምሮ፣ ከ30 ቀን በላይ በንቁ አገልግሎት ላይ ያለ የሠራዊት አባል ቋሚ ምድቡ ባለበት ግዛት ውስጥ፣ የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እሱንም ሆነ ልጆቹን ከነዋሪ በላይ እንዳያስከፍሉ ይከለክላል። አባትየው በኋላ ወደ ሌላ ግዛት ቢዛወርም፣ ልጁ ትምህርቱን ሳያቋርጥ እስከቀጠለ ድረስ የነዋሪው ክፍያ ይቀጥልለታል። የአንቺ ችግር ያለው በመሃል ባለው ጊዜ ነው። ትእዛዙ ሰኔ ላይ መጥቶ አባትሽ በሐምሌ ቨርጂኒያ ሪፖርት ካደረጉና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ትምህርት በመስከረም መጨረሻ የሚጀምር ከሆነ፣ አንቺ ገና ተማሪ ሳትሆኚ የአባትሽ ምድብ ተቀይሯል ማለት ነው። የሚቆጠረው ተቀባይነት ያገኘሽበት ቀን ነው ወይስ የተመዘገብሽበት? በዚህ ላይ የግዛቶች ደንብ ስለሚለያይ፣ ከማመልከትሽ በፊት ለዩኒቨርሲቲው የነዋሪነት ጉዳይ ክፍል (ለቅበላ ክፍሉ አይደለም) በኢሜይል ጻፊና መልሱን አስቀምጪ። በስልክ የተነገረሽን በሰኔ ማንም አያስታውሰውም።

ቨርጂኒያ ላይ ያለሽ መሠረት በዚያው ሕግ ነው፤ ግን ትእዛዙ በእጅ እስኪገባ ድረስ ወሬ ነው። ወታደር ቤት ያደገች ልጅ ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ቢሆንም ከቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቢያንስ አንድ ዝርዝርሽ ውስጥ አስገቢ፤ ዝውውሩ እውን ከሆነ ለእናትሽም “ከቤት ሳትርቂ” የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው እዚያ ነው።

ቴክሳስ የሚወሰነው በሕጋዊ መኖሪያ ነው፤ መንጃ ፈቃድ አንዱ ማስረጃ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይምታታሉ። “ሆም ኦፍ ሬከርድ” የሚባለው አባትሽ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት አድራሻ ሲሆን፣ ሕጋዊ መኖሪያ ግን ዛሬም የእኔ ብለው የያዙት፣ በፈለጉት ጊዜም ሁኔታው ሲሟላ በፎርም ሊቀይሩት የሚችሉት ግዛት ነው። በየወሩ የሚወጣው ኤልኢኤስ የተባለው የደመወዝ መግለጫ ላይ የግዛት ግብር የሚለው መስመር ይህንኑ ይነግርሻል። ቴክሳስም ሆነ ዋሽንግተን ከደመወዝ የገቢ ግብር ስለማይቆርጡ ብዙ ወታደር ያንን መስመር ለዓመታት ሳያየው ይኖራል፤ ዛሬ ማታ አባትሽን አብራችሁ እንድታዩት ለምኛቸው። ቴክሳስ የሚል ከሆነ፣ የመራጭነት ምዝገባቸውና የመኪናቸው ሰሌዳም ከዚያው ከሆነ፣ በቴክሳስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ነዋሪ ለመጠየቅ ጠንካራ ማስረጃ አላችሁ። ሰሌዳው የዋሽንግተን፣ የመራጭነቱ ምዝገባ የቴክሳስ፣ ኤልኢኤሱ ደግሞ ሌላ የሚል ከሆነ ግን ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት መስተካከል አለበት።

ጂአይ ቢልን በተመለከተ ከአባትሽ ጋር የምታደርጊው ንግግር ከሁሉም ይበልጣል። ጥቅሙ አባት ስላገለገለ ብቻ ለልጅ አይተላለፍም፤ አባትሽ በሥራ ላይ ሳሉ ራሳቸው አመልክተው ማጽደቅ አለባቸው፤ ከተሰናበቱ በኋላ ማመልከት አይቻልም። ለማስተላለፍ ቢያንስ ስድስት ዓመት ማገልገል፣ ከዚያም ለተጨማሪ አራት ዓመት መፈረም ያስፈልጋል፤ አራቱ ዓመት የሚቆጠሩት ጥያቄው ከቀረበበት ቀን ስለሆነ ማዘግየት ትርፍ የለውም። እሳቸው 13 ዓመት ስላላቸው ዛሬ ቢፈርሙ ግዴታው በ17ኛው ዓመታቸው ያበቃል፤ ለ20 ዓመቱ ጡረታ እንደሚቆዩ ከወሰኑ ምንም የሚጨምርባቸው ነገር የለም። ካልወሰኑ ግን ከእናትሽ ጋር ተማክረው የሚወስኑት ከባድ ነገር ስለሆነ፣ ለአንቺ ሲሉ ብቻ እንዲፈርሙ አትገፋፊያቸው። ምናልባት አስቀድመው አስተላልፈው ይሆናል፤ ሚልኮኔክት የተባለው የሠራዊቱ ድረ ገጽ ላይ ገብተው ማየት ነው።

ጥቅሙ በጠቅላላው 36 ወር ነው፤ ይህም ዘጠኝ ዘጠኝ ወር ያለው አራት የትምህርት ዓመት ማለት ነው። ሙሉ መብት ላለው አገልጋይ ልጅ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የነዋሪውን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ በግል ኮሌጅ በየዓመቱ እስከሚወሰን ጣሪያ ይከፍላል፣ ከጣሪያው ለሚያልፈው ደግሞ የሎ ሪበን በሚባለው ፕሮግራም የተመዘገቡ ኮሌጆች ከመንግሥት ጋር ይካፈላሉ። ለመጽሐፍ በዓመት እስከ 1,000 ዶላር አለው። አባት በሥራ ላይ እያለ ሚስት ብትማርበት የቤት ኪራይ አበል አታገኝም፣ ልጅ ግን ያገኛል፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን ስለማያውቅ ልጁን ከቤት እንዲመላለስ ያደርጋል። ልጅ ሊጠቀምበት የሚችለው እስከ 26ኛ ልደቱ ድረስ ነው።

ስለዚህ ብቻሽን መጨረስ አለመፈለግሽ ልክ ነው፤ መጨረስም የለብሽም። ፋፍሳን፣ የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻውን፣ እንደተከፈተ ሙዪ፤ በተለምዶ ጥቅምት ወር መጀመሪያ ላይ፣ ማለትም ኦክቶበር 1 ነው። የፊሸር ሀውስ ፋውንዴሽን ለወታደር ልጆች የሚሰጠውን ስኮላርሺፕና የአርሚ ኢመርጀንሲ ሪሊፍን የኡርሳኖ ስኮላርሺፕም ጠይቂ፤ ሁለቱም እንደ አንቺ ላሉ ልጆች የቆሙ ናቸው። ሚያዝያ አካባቢ የየኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ ሲደርስሽ ነው ስንት ወር እንደሚያስፈልግሽ የምታውቂው። ከፍ ያለ የራሳቸውን ድጋፍ የሚሰጡ የግል ኮሌጆች ጂአይ ቢል ስትጠቀሚ የእነሱን ስጦታ ሊቀንሱ ስለሚችሉ፣ ይቀንሱ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂያቸው፤ የሚቀንሱ ከሆነ ወሮቹን ለወንድምሽ ማቆየት ይሻላል።

ስለ ዌስት ፖይንት አጭር ነገር ልበል። አባትሽ ከስምንት ዓመት በላይ በንቁ አገልግሎት ስለቆዩ፣ ከኮንግረስ አባላት የዕጩነት ጥቆማ በተጨማሪ ለወታደር ልጆች የተለየውን የፕሬዚዳንት ጥቆማ መጠየቅ ትችያለሽ። ከምረቃ በኋላ ግን አምስት ዓመት በንቁ አገልግሎት ላይ መቆየት አለ፤ ሻንጣዋን ያልፈታች ልጅ ይህን የምትመርጠው ራሷ ስትፈልገው እንጂ አባቷን ለማስደሰት መሆን የለበትም። ነርሲንጉም እንዲሁ ነው። ለሁለቱም ወላጆችሽ አንድ መልስ ስጪ፤ “ዝርዝሬ ውስጥ አስገብቼ ውጤቱን አብረን እናያለን” በያቸው፤ ሚያዝያ ላይ ቁጥሮቹ ሲመጡ የዛሬው ክርክር ግማሹ በራሱ ይወድቃል።

አባትሽ ጥቅሙን ሲያስተላልፉ የወንድምሽን ስም ቢያንስ በአንድ ወር ያስገቡ። ወሮቹን ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ማዘዋወር ከሠራዊቱ ከወጡ በኋላም ይቻላል፤ ያኔ አዲስ ስም መጨመር ግን አይቻልም። ወንድምሽ 18 ዓመት ሲሞላው አባትሽ 20 ዓመታቸውን ሞልተው የሚሰናበቱበት ጊዜ ነው፤ የገቡት ከቴክሳስ ስለሆነ፣ ተመልሰው እዚያ ለመኖር ከመረጡ፣ ሄዝልዉድ የሚባለው የቴክሳስ ሕግ ለግዛቱ የቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠውና ለልጅ ሊተላለፍ የሚችለው እስከ 150 ክሬዲት የሚደርስ የክፍያ ነፃነት አለ። እሱ የሰባት ዓመት በኋላ ጉዳይ ነው፤ የዘንድሮው ግን ስሙ ሚልኮኔክት ላይ መኖሩን አባትሽን ጠይቀሽ ማረጋገጥ ነው።